እጅ ያላትና አፍ ያለው

ሲስተር ሶልያና ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ጠረጴዛ የቀረበችው በ2070 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው «ተመልካች» ይባላል። ተመልካች ከሆስፒታል አይባረርም። አንሶላ ያጥፋል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ቤተሰብ ያጽናናል። በሽተኛ መንካት ግን አይችልም። ሶልያና ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈችው የሕፃናትን ደም ሥር ስትፈልግ ነው።

ጠረጴዛው የመጣው ወረቀት ከሞተ በኋላ ነው። ዲግሪ ማተሚያ ያለው ሁሉ የሚያድለው ነገር ሆነ፤ ፈተናውን የሚፈተኑት ማሽኖች ሆኑ፤ ማሽኖቹ ደግሞ እርስ በርስ መኮራረጅ ጀመሩ። መንግሥት ግራ በተጋባበት ሰዓት፣ በወጣትነታቸው ካፌ ጓሮ ተቀምጠው ጠጠር እየጣሉ «እኔ ጠንቋይ ነኝ፣ አንተ ጦረኛ ነህ» እየተባባሉ የታሪክ ጨዋታ ሲጫወቱ ያደጉ ሰዎች የመምሪያ ኃላፊ ሆነው ነበር። እነሱም አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሰው ችሎታውን በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በታሪክ ውስጥ ሆኖ ይተርክ። ደረጃውን፣ ማዕረጉን፣ የችሎታውንም ስም አይጥራ። «ነርስ ነኝ» አይበል፤ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ይናገር። የጠረጴዛው መሪ ትረካውን ይመዝናል፤ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ገጽ ጠጠር ይጣላል፤ ሁለቱ ተደምረው ደረጃ ይሆናሉ።

ሐሳቡ ሲቀርብ ሁሉም ሰው ሳቀ። ከዚያ ደንብ ሆነ።

ሶልያና በመጀመሪያው ዙር «እግዜር ሲረዳኝ ደም ሥሩ ይገኛል» ብላ ነበር። በመዝገቧ ላይ «ችሎታው የሦስተኛ ወገን ነው» ተብሎ ሰፈረ። ይግባኝ ስትል የመስኮቱ ጸሐፊ በትሕትና፣ ሦስተኛው ወገን ራሱ ቀርቦ መተረክ እንዳለበት አስረዳት። በሁለተኛው ዙር፣ ያሳደጓት ሰዎች እንዳስተማሯት፣ ንግግሯን «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ጀመረች። ጸሐፊው «አላውቅም ብላለች» ብሎ ጻፈና ቀጣዩን ጠራ።

በሦስተኛው ዙር ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ጓንጉል ይባላል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። የዚያ ዘመን ወጣቶች ስም ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ተመልሶ ነበር፤ ሶልያና፣ ማክቤልና ናታን የሚባሉት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።

«እርስዎም ደም ሥር ነው ያመለከቱት፣ ሲስተር?» አላት።

«ምን ላድርግ፣ ሌላ አላውቅ።»

«እሱን ውስጥ አይበሉት።»

«የቱን?»

«ሌላ አላውቅ የሚለውን። ምን አውቃለሁ፣ እንደ ምንም፣ እንደ አቅሚቲ… እነዚህን ሁሉ እዚሁ ኮሪደር ላይ ጥለው ይግቡ። እኔ ሦስት ወር የትረካ ኮርስ ወስጃለሁ። መጀመሪያ የሚያስተምሩን ማፈር ማቆም ነው።»

«ስንት ሕፃን ወግተሃል?»

ጓንጉል ግራና ቀኙን አየ። «የጎማ ክንድ ላይ ስድስት ጊዜ። ሁለቴ ክንዱ ከጠረጴዛው ወድቆብኛል።»

ሶልያና ሳቋን ዋጠች። ልጁ ቢያንስ አይዋሽም አለች በልቧ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ልክ ነበረች።

ክፍሉ ውስጥ አምስት ወንበር ቢኖርም የቀረቡት ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ጓንጉል፣ እና ጋሽ ማክቤል የሚባሉ የአሳንሰር ጠጋኝ። መሪዋ ወይዘሮ ሄመን መነጽራቸውን አስተካክለው ታሪኩን አነበቡ። ታሪኩ ለሁሉም ሙያ አንድ ነው።

«ተጓዦች ናችሁ። ወንዝ ሞልቷል፤ ድልድይ የለም። ከእናንተ ጋር በትኩሳት የደከመች ሕፃን አለች። ጋሽ ማክቤል፣ ተራዎ ነው፤ ምን ያደርጋሉ?»

«ወንዝ ዳር አሳንሰር ከየት ይመጣል፣ የኔ ልጅ?»

«ታሪኩን አያቋርጡ።»

ጋሽ ማክቤል ጣሪያውን አዩ። «እንግዲያው ወንዙ ዳር ያላለቀ ኮንዶሚኒየም አለ እንበል። ያላለቀ ኮንዶሚኒየም የሌለበት ወንዝ አይቼ አላውቅም። ስድስተኛ ፎቅ ላይ አሳንሰሩ ቆሟል። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ ገመዱን እሰማለሁ። ገመድ ሊበጠስ ሲል እንደ ድመት ነው የሚያለቅሰው።» ጠጠሩ አሥራ አራት ወጣላቸው፤ ደረጃ አምስት። እያጉረመረሙ ፈረሙ።

ጓንጉል ተራው ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ።

«እጄን በሕፃኗ ክንድ ላይ አንሳፍፋለሁ» አለ፤ ድምፁ ኮሪደር ላይ ከነበረው ድምፅ የተለየ ነው። «ወንዙ ይጮኻል። እኔ ግን ሌላ ወንዝ ነው የምሰማው፤ ከቆዳዋ በታች የሚሄደውን፣ ቀጭኑን፣ መንገድ የጠፋበትን። ጣቶቼ ያውቁታል። መርፌዬ በመስኮት ስንጥቅ እንደሚገባ የንጋት ብርሃን ትገባለች። ሕፃኗ አታለቅስም። ወንዙም ለአፍታ ዝም ይላል።»

ወይዘሮ ሄመን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ጠጠሩ አሥራ ሰባት ወጣ። ደረጃ ሰባት።

«ሲስተር ሶልያና፣ ተራዎ ነው፤ ምን ያደርጋሉ?»

«እግሯን እይዛለሁ።»

«እሺ።»

«ቀዝቅዟል። በሁለት እጄ መሃል አድርጌ እጠብቃለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እጠብቃለሁ።»

«መጠበቅ እኮ ድርጊት አይደለም።»

«ደም ሥሩ ሳይመጣ ምን እወጋለሁ?»

«ይገባኛል» አሉ ወይዘሮ ሄመን፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። «በደንቡ መሠረት ግን መጠበቅ ተራ ማሳለፍ ነው። ተራ ያሳለፈ ጠጠር አይጥልም። አንድ ዕድል ልስጥዎ። ምን ያደርጋሉ?»

ሶልያና ጓንጉል ቅድም የተረከውን ለማስታወስ ሞከረች። ንጋት፣ ብርሃን፣ ወንዝ። ከአፏ የወጣው ግን ሁልጊዜ የምታደርገው ነው። «እናትየውን ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ እላታለሁ። እናት ስትፈራ ልጅ ትፈራለች፤ የፈራ ልጅ ደም ሥር ይደበቃል።»

«ይሄ ለሌላ ሰው ትእዛዝ መስጠት ነው። የአስተዳደር ችሎታ ይባላል፤ ያመለከቱት እሱን አይደለም።»

«ከዚያ እንግዲህ እግዜር ሲፈቅድ…»

ጓንጉል ጭንቅላቱን በእጁ ያዘ። ወይዘሮ ሄመን ብዕራቸውን አነሡና «ተራ አሳልፋለች» ብለው ጻፉ።

ሰኞ ዕለት ሶልያና ወደ ሕፃናት ክፍል የገባችው ግራጫ ጋውን ለብሳ ነው። ግራጫ የተመልካች ነው። ጓንጉል አዲስ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ አልጋ ሁለት አጠገብ ቆሟል፤ ፊቱ ከጋውኑ ይነጣል።

ከእያንዳንዱ አልጋ በላይ «ጆሮ» የሚባል ማሽን ተሰቅሏል። ካሜራ የበሽተኛን ክብር ይነካል ተብሎ ከተነሣ ቆይቷል፤ የቀረው የሚሰማው ብቻ ነው። ጆሮው የተመዘገበውን ባለሙያ ትረካ ይሰማል፤ ትረካው ካማረው የአልጋው መሳቢያ ተከፍቶ መድኃኒቱ ይወጣል። ዘጠና ሰከንድ ዝም ከተባለ ግን «ባዶ አልጋ» ብሎ ይመዘግባል። ለባዶ አልጋ መድኃኒት አይወጣም።

ጓንጉል ወደ ሶልያና ጠጋ ብሎ ከጆሮው ርቆ አንሾካሾከ። «ሲስተር፣ ደም ሥሩ የት ነው?»

«ደረጃ ሰባቱ አንተ ነህ።»

«በእመብርሃን ይዤዎታለሁ። ልጁ ስድስት ወሩ ነው። ጎማ አይደለም።»

ሶልያና ልጁን አየችው። ከንፈሩ ደርቋል። አናቱ ላይ ያለው ለስላሳ ቦታ ጎድጉዷል። የግራጫ ጋውኗን እጅጌ ሰበሰበች።

«አንተ አውራ» አለችው። «እኔ እይዛለሁ።»

በዚህ ዓይነት አራት ወር ሠሩ። ጓንጉል ከአልጋው ራስጌ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይተርካል፤ ሶልያና ከግርጌ ተቀምጣ እግር ታሞቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ትወጋለች። እሷ አራት ደቂቃ ከጠበቀች እሱ አራት ደቂቃ የሚሞላ ወንዝ፣ ጫካና ንጋት ይፈልጋል። አንዳንድ ቀን ወሬ ያልቅበትና የአክስቱን ሠርግ ይጨምርበታል። ጆሮው ሁሉንም ተቀበለ። እናቶቹ ለጓንጉል ቆሎና ዕንቁላል ያመጡለት ጀመር። «እጁ የተባረከ ነው» ይላሉ። ሶልያናን ደግሞ «እማማ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝጊልን» ይሏታል። እሷም ትዘጋለች።

አልከፋትም ማለት ውሸት ነው። ግን እጇ ሥራ ላይ ነበር። ለእሷ ያ ይበቃ ነበር።

መጋቢት ላይ የሶልያና አክስት ደብረ ሲና አረፉ። ለቅሶ አይቀርም። ሦስት ቀን ቆይታ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስትመለስ፣ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የጓንጉልን ደረጃ ስምንት ይላል። በሦስት ቀን አሥራ አንድ ሕፃን፣ አሥራ አንድ ስኬት።

አልጋ ስድስት ላይ የአሥራ ሰባት ቀን ሕፃን ተኝታለች። እናቷ ትርንጎ ትባላለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። ማስቲካ እያኘከች ሕፃኗን አፍጥጣ ታያለች። ካኑላው፣ የግሉኮሱ ቀጭን ቱቦ፣ በቀኝ እጅ ላይ ታስሯል፤ እጁ ግን እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ግሉኮሱ የሚገባው ደም ሥር ውስጥ ሳይሆን ከቆዳዋ ሥር ነው። በግራ ክንዷ፣ በሁለቱ እግሮቿና በግንባሯ ላይ ሐምራዊ ነጥቦች አሉ። ሶልያና ቆጠረች፤ ዘጠኝ ናቸው።

«ሐኪሙ መርፌው ገብቷል ብሎኛል» አለች ትርንጎ ጓንጉልን እያሳየች። «ሲናገር እኔም አመንኩት። ሲያምር ነው የሚናገረው። ግን ልጄ ከትናንት ወዲህ አልሸናችም። የገባው ውሃ የት ሄደ?»

ሶልያና ጓንጉልን ክንዱን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሦስት ቀን እኮ ነው፣ ሲስተር።» ዓይኑ ቀልቷል። «ዝም ካልኩ መሳቢያው አይከፈትም። ካልወጋሁ ደግሞ የተከፈተው መሳቢያ ምን ይሠራል? ሁለቱ እንኳ የእውነት ገብተዋል። በእናቴ ሞት።»

«የቀሩት የዘጠኙ ሕፃናትስ?»

«የእነሱ በመዝገብ ገብቷል።»

ይህን ሲል አላፈረም። ሶልያናን ያስደነገጣት ይሄ ነው። የሚያስታውሰው ነገር እንዳለው ሰው ነው የተናገረው፤ መርፌው ሲገባ ያየ ይመስል።

«ጌታዬ ነው የምልህ፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ» አለችው።

«ጆሮው…»

«ዝም አይነቅዝም። ዛሬ ዝም በል።»

የተነፋውን እጅ ፈታች። ካኑላውን አወጣች። ለትርንጎ «ቁጭ በይ፣ እዚያ ውሃ አለ፣ ጠጪ» አለቻት። የሕፃኗን ግራ እግር በሁለት እጇ መሃል አደረገች። ጓንጉል ራስጌው ላይ ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዘጠና ሰከንዱ አለፈ። ከአልጋው በላይ ያለው መብራት ጠፋ። ጆሮው በለሰለሰ የሴት ድምፅ «አልጋ ስድስት፣ ባዶ» አለ።

«ባዶ?» አለች ትርንጎ። «ልጄስ?»

«ከመስኮቱ ብርሃን አለ» አለች ሶልያና ቀና ሳትል።

ሁለት ደቂቃ። ሦስት። ዋርዱ ውስጥ የሌሎች አልጋዎች ተራኪዎች ወንዝ ያሻግራሉ፣ ጫካ ያቋርጣሉ። አልጋ ስድስት ላይ የሚሰማው የማስቲካ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ቆመ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሶልያና በአውራ ጣቷ ቁርጭምጭሚቱን አንዴ ዳሰሰች። መርፌውን ዝቅ አድርጋ አስገባች። ትንሽ ደም ታየ። አቆመች፣ አሰረች፣ ግሉኮሱን ከፈተች። ጠብታው መውረድ ጀመረ፤ እግሩ አላበጠም።

በከረጢቱ ውስጥ የቀረው ግን የአንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ጓንጉል ተንደርድሮ ወደ ጆሮው ቀረበ። «መርፌዬ እንደ ንጋት ብርሃን…»

«ታሪኩን የጣለ ተራኪ እስከ ነገ አይመለስም» አለ ጆሮው። «አልጋ ስድስት ባዶ ነው። አዲስ ተራኪ ካለ ይናገር።»

«እኔ ነኝ» አለች ሶልያና። «እግሯን ያዝኩ። ጠበቅኩ።»

«ተመልካች አይተርክም።»

ሦስቱም መሳቢያውን አዩት። ትርንጎ ማስቲካዋን ከአፏ አውጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ለጠፈች።

«ማውራት ነው የሚፈልገው?» አለች። «ማውራት ለኔ ተይው።»

«ደረጃ የለሽም» አላት ጓንጉል።

«ለሞተ ቲማቲም ነፍስ የምዘራ ሴት ነኝ፣ ምን ደረጃ?» ወደ ጆሮው ዞረች። «ስማኝ። እቺ ሴትዮ የልጄን እግር ያዘች…»

«ተራኪ የሌላ ሰው ችሎታ አይተርክም። በራስዎ ይናገሩ።»

ትርንጎ ሶልያናን አየቻት። ሶልያና «በይው» ብላ ራሷን ነቀነቀችላት።

«ይሁን» አለች ትርንጎ። «እኔ ነኝ። የልጄን እግር ያዝኩ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሌላው ሁሉ እየተጣደፈ ወግቷት ነበር፤ ዘጠኝ ቦታ። እኔ አልቸኮልኩም። እግሯን ይዤ ቁጭ አልኩ። መብራት ጠፋብኝ፣ አልተነሣሁም። ባዶ ነሽ አሉኝ፣ አልመለስኩም። ሰው በር ላይ ቆሞ እንግዳ እንደሚጠብቅ ጠበቅኩት፤ ጠርቼው ሳይሆን አክብሬው። ሲመጣ በጣቴ ነካሁት። ከዚያ ወጋሁ። አንዴ። ልጄ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፣ አላለቀሰችም።»

ሶልያና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የራሷን ሥራ ሲነገር የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጆሮው ረጅም ጊዜ ወሰደ። መብራቱ በራ። መሳቢያው ተከፈተ፤ ሁለት ከረጢት።

«ስንት ሰጠኝ?» አለች ትርንጎ ዓይኗን እየጠረገች፤ እየሳቀችም ነበር። ማንም አላወቀም።

ያወቁት በማግሥቱ አርብ ጠዋት ነው። ሕፃኗ ሌሊቱን ሁለቴ ሸንታለች፤ ትርንጎ ጨርቁን እንደ ሽልማት ለሁሉም ታሳያለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጆሮው ሙሉ ስሟን ጠራ።

«ትርንጎ በዛብህ። ደም ሥር አግኚ፣ ደረጃ ዘጠኝ። ምድብ፣ አልጋ አሥራ አራት። አሁን ይቅረቡ።»

«ማ? እኔ?»

በሆስፒታሉ ደረጃ ዘጠኝ ሌላ አልነበረም። ጓንጉል ስልኩን አውጥቶ ደንቡን አነበበላት፤ ድምፁ ውስጥ ቅናትና እፎይታ ተደባልቀዋል። የተመዘገበ ችሎታ አልጠቀምም ማለት ሕክምና መንፈግ ነው። ሕክምና የነፈገ ሰው ትረካው ይሰረዛል። ትረካው የተሰረዘ አልጋ ባዶ ይሆናል።

«የሷ አልጋ ነው ባዶ የሚሆነው?» አለች ትርንጎ፣ ልጇን እያየች።

ጓንጉል ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ሲስተር፣ እኔ ቲማቲም ነው የማውቀው።»

«እኔ እይዛለሁ» አለች ሶልያና። «አንቺ የትናንቱን አውሪ።»

«እንደ ትናንት ነው? ትናንት እኮ የኔ ልጅ ነበረች።»

አልጋ አሥራ አራት በዋርዱ ሌላኛው ጫፍ ነው። የልጁ አባት ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው፤ ትርንጎን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ከወገቡ ጎንበስ አለ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ መለሰች፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ሶልያና በግራጫ ጋውኗ ከግርጌ ተቀምጣ የልጁን እግር ያዘች። ቀዝቅዟል።

«ተራዎ ነው» አለ ጆሮው። «ምን ያደርጋሉ?»

ትርንጎ ጀመረች። «እግሩን እይዛለሁ። አልቸኩልም…»

ይህን ጊዜ ከዋርዱ ማዶ አንድ ሕፃን አለቀሰ። አሥራ ሰባት ሕፃናት ባሉበት ክፍል እናት የራሷን ልጅ ድምፅ ትለያለች። ትርንጎ ንግግሯን አቁማ ዞረች። ጓንጉል አልጋ ስድስት አጠገብ ቆሟል፤ እጁን ወደ ሕፃኗ ይዘረጋል፣ መልሶ ይሰበስባል።

ሶልያና እግሩን አልለቀቀችም። ደም ሥሩ ገና አልመጣም። «አውሪ» አለቻት በሹክሹክታ።

ከዘጠናው ሃምሳ ሰከንድ አልፏል። አባትየው ባርኔጣውን በደረቱ ላይ ይዞ የትርንጎን አፍ ያያል።

«አልቸኩልም» አለች ትርንጎ፣ ከልቅሶው በላይ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።